ሃኩሆ ታላቅ ዮኮዙና ነው ወይስ ብዙ ያሸነፈ ብቻ? (ክርክር)

ጠያቂው፦ እስቲ በዚህ እንከራከር። ሃኩሆ የሚባለው ሞንጎላዊ በጃፓን ባህላዊ ትግል፣ በሱሞ፣ 45 ጊዜ ሻምፒዮን ሆኗል፤ ከሱ በፊት የነበረው ሪከርድ የታይሆ 32 ነው። ግን ብዙ ጃፓናዊ “ለዮኮዙናነት አይመጥንም ነበር” ይላል። ዮኮዙና የሱሞ የመጨረሻው ከፍተኛ ማዕረግ ነው። አንዴ ከተሰጠህ ዝቅ አያደርጉህም፣ ሲያቅትህ ራስህ ትለቃለህ። ታዲያ ጉልበት ብቻ አይበቃም፣ “ሂንካኩ” የሚሉት ነገር ይፈልጋሉ። ጨዋነትንና ግርማ ሞገስን አንድ ላይ አስቡት። እኔ ይገባዋል ባይ ነኝ። (ዓመቶቹ በፈረንጅ ናቸው።)

የቁጥር ሰው፦ ምኑ ያከራክራል? 1187 ድል አለው። ከ45ቱ 16ቱን አንድም ጊዜ ሳይሸነፍ፣ 15 ለ 0 (15 አሸንፎ 0 ተሸንፎ) ነው የጨረሰው። በ2010 በተከታታይ 63 ግጥሚያ አሸንፏል። ልጁ እኮ በ2000 ጃፓን ሲገባ ገና የ15 ዓመት ቀጫጫ ነበር፣ 62 ኪሎ! የሚቀበለው አጥቶ ወደ አገሩ ሊመለስ ሲል ነው ሚያጊኖ የሚባለው የሱሞ ቤት (ታጋዮች አብረው የሚኖሩበትና የሚሠለጥኑበት) የወሰደው። አባቱ ደግሞ በ1968ቱ የሜክሲኮ ኦሎምፒክ፣ ማሞ ወልዴ ማራቶኑን ባሸነፈበት፣ በነጻ ትግል የብር ሜዳሊያ ያገኘ ሰው ነው። የዘር ነው ጉዳዩ።

ጃፓን የተማርኩት፦ ወንድሜ ቁጥሩን ማን ካደ? እዛ ስማር ያከራዩኝ አሮጊት እሱ በቴሌቪዥን በመጣ ቁጥር በንዴት ምላሳቸውን ያጮሁ ነበር። የሚያናድዳቸው ጥፊው ነው። ግጥሚያው ገና ሲጀመር ፊት ላይ ያጮላል፣ ወይ በክርኑ አገጭ ይላል። ዮኮዙና ማለት ለእሳቸው የመጣውን በደረቱ ተቀብሎ የሚያሸንፍ ነው። በ2017 ደግሞ ዮሺካዜ የሚባል ታጋይ ሲጥለው “አጀማመሩ ልክ አልነበረም” ብሎ ከመድረኩ ስር ተገትሮ ቀረ፣ ወጥቶ እጅ አልነሳም አለ። ይሄ ያሳፍራል።

የቁጥር ሰው፦ ጥፊ ሕጉ ይፈቅዳል። ነውር ከሆነ ለሁሉም ይከልክሉት። ለሌላው ተፈቅዶ ለሱ ብቻ ነውር የሆነው ሞንጎላዊ ስለሆነ ነው፣ አለቀ።

ጃፓን የተማርኩት፦ ካኩርዩም ሞንጎላዊ ዮኮዙና ነበር። በጠባይ በኩል እንዲህ የተነሳበት ሰው አላየሁም።

ጠያቂው፦ ሁለታችሁም አንድ ነገር እየዘለላችሁ ነው። በ2010 የታጋዮች የቁማር ቅሌት ወጣና የንጉሠ ነገሥቱ ዋንጫ እንኳን ሳይሰጥ ቀረ፤ ሃኩሆ ያን ውድድር አንድም ሳይሸነፍ ጨርሶ ዋንጫ በሌለበት መድረክ አለቀሰ። በዓመቱ ግጥሚያ መሸጣቸው ተጋለጠና የመጋቢቱ ውድድር ጭራሽ ተሰረዘ። ያኔ የነበረው ዮኮዙና እሱ ብቻ ነው፣ ያን ሁሉ ስድብና ሐፍረት ተሸክሞ ሱሞን ያቆመው። ከዚያ በ2013 ፉኩኦካ ላይ ጃፓናዊው ኪሴኖሳቶ ሲጥለው ተመልካቹ “ባንዛይ” (የጃፓኖች የደስታ ጩኸት ነው) እያለ ጨፈረ። ለውለታው ይሄ ነው የተከፈለው! እኔ ብሆን እኔም ጠባዬ ይበላሽ ነበር።

የቁጥር ሰው፦ ይኸው!

ጃፓን የተማርኩት፦ አልክድም፣ የባንዛዩ ነገር ለእኔም ከብዶኛል። ግን ከዚያ በኋላስ? በ2017 40ኛውን ሲያሸንፍ እሱ ራሱ ሕዝቡን ባንዛይ አስባለ፣ ያውም አንዱ ዮኮዙና ሰው ደብድቦ ሱሞ በሚታመስበት ሰሞን። በ2021 በውድድሩ መጨረሻ ቀን ተጋጣሚውን ቴሩኖፉጂን በክርንም በጥፊም መትቶ ጣለና ጡጫውን ጨብጦ ጮኸ። ሱሞ ላይ ደስታህን እንዲህ አታሳይም፣ የጣልከው ሰው እኮ አጠገብህ ነው ያለው።

የቁጥር ሰው፦ 36 ዓመቱ፣ ጉልበቱ በቀዶ ሕክምና የተጠገነ፣ ለወራት ሳይታገል ቆይቶ 15 ለ 0! እንኳን መጮህ ይጨፍር።

ጠያቂው፦ ሌላም አለ። አሠልጣኝ ሆኖ ለመቀጠል ዜግነት ግዴታ ነውና በ2019 ሞንጎላዊነቱን ትቶ ጃፓናዊ ሆነ። በ2024 ግን ከደቀ መዛሙርቱ አንዱ ታናናሾቹን ሲደበድብ አልተቆጣጠርክም ተብሎ የአሠልጣኝነት ማዕረጉ ዝቅ ተደረገ፣ የሚመራው የሱሞ ቤትም ተዘጋ። በ2025 የሱሞ ማኅበሩን ለቆ ወጣ።

ጃፓን የተማርኩት፦ ድብደባውን ግን በዘረኝነት አታመካኙ፣ የተመቱት ልጆች ናቸው።

ጠያቂው፦ እሱስ ልክ ነሽ። እዛ ላይ አልከራከርም። አሮጊቷ ግን ያን ያህል ከጠሉት ለምን ያዩታል?

ጃፓን የተማርኩት፦ እሱ ሳይታገል ራት አይቀርብም ነበር።