ፓች ከመጫናችሁ በፊት ምን ምን እንደሚነካ በምን ታውቃላችሁ?

ሌሊት_ፈረቃ
ሰላም ጓዶች፣ አንዴ እርዱኝ። ወደ 140 ሰርቨር አለን፣ ግማሹ ዊንዶውስ ግማሹ ሊኑክስ፣ ፓች (የሶፍትዌር ማስተካከያ አፕዴት) የምንጭነው ደግሞ እኔና አንድ ልጅ ብቻ ነን። እስካሁን አሠራራችን ምን ነበር መሰላችሁ፣ ቴስት ሰርቨር ላይ እንጭነዋለን፣ ሰርቨሩ ከተነሳ "ሰላም ነው" ብለን ቅዳሜ ማታ ፕሮዳክሽን ላይ እንለቀዋለን። ባለፈው ወር ግን ጉድ ሆንን። ቴስት ላይ ድምፁ ያልተሰማ አፕዴት የዳታቤዝ ሰርቨሩ ላይ ከገባ በኋላ የደመወዝ ሲስተሙ አልገናኝም አለ፣ ሌሊቱን ሙሉ ኔትወርክ ነው ፋየርዎል ነው ስንል አድረን ሊነጋጋ ሲል ነው የገባን፣ አፕሊኬሽኑ የሚጠቀመው አሮጌውን ቲኤልኤስ 1.0 (ግንኙነትን የሚያመሰጥር ፕሮቶኮል) ነበር፣ ፓቹ ደግሞ እሱን ዘግቶታል። የሚያናድደው ከፓቹ ጋር የሚወጣው ኖት ላይ ተጽፏል እኮ! ያላነበብነው እኛው ነን። አሁን አለቃዬ "ኢምፓክት አናሊሲስ ያልተሠራለት ፓች አይገባም" ብሏል፣ ምን ምን እንደሚነካ አስቀድሞ ይተንተን ማለቱ ነው። እሺ፣ ግን በየወሩ የሚወጣውን ሁሉ ሁለት ሰው እንዴት አድርጎ ይተነትነዋል? እናንተ ጋ እንዴት ነው?

አሮጌው_አድሚን
አይዞህ ወንድሜ፣ ሁላችንም በዛ በር ገብተናል። ሁሉንም እኩል አትተንትን፣ አትችልም። እኔ ኖቱን ስከፍት መጀመሪያ የምፈልገው አንድ ነገር ነው፣ ይሄ ፓች የተበላሸ ነገር ነው የሚጠግነው ወይስ ዲፎልት (ማንም ሳይነካው የሚሠራውን ሴቲንግ) ነው የሚቀይር? የመጀመሪያው ብዙ ጊዜ ሰላም ነው። ሁለተኛው ነው ሌሊት የሚያሳድርህ፣ ምክንያቱም ፓቹ አልተበላሸም፣ እንደታሰበው ነው የሠራው። በነሐሴ ወር 2021 (በፈረንጅ) ማይክሮሶፍት የፕሪንተር ድራይቨር ለመጫን የአድሚን መብት ያስፈልጋል ብሎ የለወጠው ትዝ ይልሃል? ክፍተት ለመዝጋት ሆነ ብለው ያደረጉት ነው፣ ሄልፕዴስኩ ግን አበደ።

ሌላው፣ ቴስትህ ምን ላይ ነው? በ2022 ኖቬምበር 8 የወጣው አፕዴት ዶሜን ኮንትሮለር (የሁሉንም ሎግኢን የሚቆጣጠረው ሰርቨር) ላይ የከርቤሮስን፣ ማለትም የማንነት ማረጋገጫውን፣ ኢንክሪፕሽን አሠራር ነካ፣ አንዳንድ ቦታ ሎግኢን እምቢ አለ፣ ማስተካከያው የመጣው ኖቬምበር 17 ነው። ያንን አፕዴት ተራ ሰርቨር ላይ ብቻ የሞከረ ሰው ምንም አያይም። ያንተም ታሪክ ያው ነው፣ ቴስት ሰርቨርህ ላይ የደመወዝ ሲስተሙ አልተገናኘም። ሰርቨሩ ተነሳ ማለት ቴስት ተደረገ ማለት አይደለም።

ዲቢኤዋ
ከላይ የተባለው ልክ ነው፣ ግን ዋናው ሥራ ፓቹ ከመውጣቱ በፊት ነው። ማን ከማን ጋር እንደሚያወራ ካላወቅክ ኖቱን መቶ ጊዜ ብታነበው ምን ሊጠቅምህ? ኔትስታት (ሰርቨሩ ከማን ጋር እንደተገናኘ የሚያሳይ ትእዛዝ) በየ5 ደቂቃው እየሮጠ ወደ ፋይል እንዲጽፍ አድርግ፣ ለአንድ ሳምንት ሳይሆን ለሙሉ ወር፣ ምክንያቱም የወር መጨረሻ ሥራ በሳምንት ውስጥ አይታይም። እኛ እንደዛ ስናደርግ ምን አገኘን መሰለህ፣ የሂሳብ ክፍል አንድ ኤክሴል ፋይል በወር አንዴ በቀጥታ ከዳታቤዙ ዳታ ይጎትታል፣ የሠራው ሰው ከለቀቀ ቆይቷል፣ የትም ዶክመንት ላይ የለም።

ደግሞ ሊኑክስ ላይ አንድ የማይወራ ነገር አለ። ኦፕንኤስኤስኤልን (ብዙ ሰርቪሶች የሚጋሩት የኢንክሪፕሽን ላይብረሪ) አፕዴት ብታደርግም ቀድሞ የተነሳው ፕሮሰስ ሪስታርት እስኪደረግ አሮጌውን ላይብረሪ ሜሞሪ ላይ ይዞ ይቀጥላል። ሪፖርቱ ላይ "ፓች ተደርጓል" ይላል፣ ክፍተቱ ግን እዛው ነው። ይባስ ብሎ ከ3 ወር በኋላ በሌላ ምክንያት ሰርቪሱን ስታስነሳው ያኔ ይሰበራል፣ ማንም ደግሞ ከዛ ፓች ጋር አያገናኘውም። ኒድሪስታርት የሚባለውን ቱል ተጠቀም፣ የትኛው ሰርቪስ መነሳት እንዳለበት ይነግርሃል።

ሴክዩሪቲ_ነኝ_አትጥሉኝ
የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ትላላችሁ፣ የዘገየችስ? ዋናክራይ ለሚባለው ፋይል ቆልፎ ገንዘብ የሚጠይቅ ማልዌር መግቢያ የሆነውን ክፍተት የሚደፍነው ፓች የወጣው በ2017 ማርች 14 ነው፣ ጥቃቱ የደረሰው ሜይ 12። ወደ ሁለት ወር! ስለዚህ አናሊሲሱ ላይ "ብንጭነው ምን ይሆናል" ብቻ ሳይሆን "ባንጭነውስ" የሚል መስመር ይግባበት። ሲሳ የሚባለው የአሜሪካ የሳይበር መሥሪያ ቤት ጥቃት እየተፈጸመባቸው መሆኑ የተረጋገጠ ክፍተቶችን ሊስት ያወጣል፣ እዛ ላይ ካለና ሰርቨርህ ወደ ኢንተርኔት ከዞረ የወሩን ተራ አትጠብቅ። ውስጥ ያለ፣ ማንም የማይደርስበት ከሆነ ግን የክፍተቱ የክብደት ስኮር ከ10 9.8 ቢሆንም እኔ ራሴ ሁለት ሳምንት እሰጥሃለሁ።

ሌሊት_ፈረቃ
ተባረኩ። ሮልባኩስ፣ ቢበላሽ ወደነበረበት መመለሱስ? እኛ ከመጫናችን በፊት ስናፕሾት (የሰርቨሩን የዚያን ሰዓት ሙሉ ቅጂ) እንወስዳለን፣ በቃ አይደል?

አሮጌው_አድሚን
ኧረ ተው። ስናፕሾት እሑድ ጠዋት ይሠራል። ሰኞ ሰው ገብቶ ግማሽ ቀን ዳታ ካስገባ በኋላ ወደ ቅዳሜ ማታ ብትመልሰው የሰኞው ሥራ የት ይሄዳል? ስለዚህ ከዚህ ሰዓት በኋላ መመለስ የለም የምትለውን ሰዓት አስቀድመህ ጻፈው፣ ከዛ በፊት ደመወዙን የሚያውቅ ሰው ገብቶ እውነተኛ ሥራ ይሞክር፣ አይቲ ሳይሆን ባለቤቱ። እኛ "ሎግኢን ሆነ" ብለን ነው የምንተኛው።

ዲቢኤዋ
አንድ ልጨምር፣ በበርህ የማያልፍ አፕዴትም አለ። በ2024 ጁላይ 19 ክራውድስትራይክ የሚባለው የሴክዩሪቲ ሶፍትዌር ኩባንያ የተበላሸ ፋይል ልኮ ማሽኖችን የጣለ ጊዜ ደንበኞች የሶፍትዌሩን ቨርዥን አንድ ደረጃ ወደኋላ ማስቀረት ይችሉ ነበር፣ ያ ፋይል ግን በሌላ መንገድ ነው የገባው፣ ማይክሮሶፍት በገመተው 8.5 ሚሊዮን ማሽን ነካ። በራሱ የሚወርድ ምን እንዳለህ እስኪ ቁጠረው።

ሌሊት_ፈረቃ
ኔትስታቱን ዛሬ ጀመርኩት። በአንድ ቀን ብቻ የደመወዝ ዳታቤዙ ጋር 11 አይፒ ተገናኝቷል፣ እኛ የምናውቀው 4 ነው። የቀሩትን ባለቤት ፍለጋ ልወጣ ነው።

ዲቢኤዋ
አንዱ "እሱማ ድሮ ጠፍቷል" የምትሉት ሰርቨር ይሆናል፣ ታያለህ 😄