የዓይነት መዋጮ ሪፖርት ነገ ይገባል፤ ኩባንያው የላከልኝ አንድ ገጽ ደብዳቤ ብቻ ነው!

የላብ ልጅ (ጠያቂ)፦ ወገኖቼ ድረሱልኝ! ያለሁት ብራስልስ ነው። የአይኤችአይ (የአውሮፓ ኅብረትና የጤና ኩባንያዎች በጋራ የሚደግፉት የጤና ምርምር መርሐ ግብር) ፕሮጀክት አስተባብራለሁ። የአጋር ኩባንያው የዓይነት መዋጮ፣ ማለትም በጥሬ ገንዘብ ሳይሆን በዕቃና በሥራ የሰጠው ድርሻ፣ ሪፖርቱ ነገ 11 ሰዓት መግባት አለበት። የደረሰኝ ደብዳቤ "የሙከራ መድኃኒት፣ ማቀዝቀዣና ባለሙያ ሰጥተናል፤ ጠቅላላ 400 ሺህ ዩሮ" ይላል፣ በቃ። ፋይናንስ ክፍላችን "ዝርዝር የለውም" ብሎ መለሰብኝ። መድኃኒቱን በፋርማሲ ዋጋ ላባዛው?

የቆየ ሰው፦ ነገሩን ከሥሩ እንየው። እ.ኤ.አ. በ2008 አይኤምአይ (ከአይኤችአይ በፊት የነበረው መርሐ ግብር) ሥራ ሲጀምር በጀቱ 2 ቢሊዮን ዩሮ ነበር። ግማሹ ከአውሮፓ ኅብረት፣ ግማሹ ከመድኃኒት ኩባንያዎች። የኩባንያዎቹ ድርሻ በአብዛኛው ጥሬ ገንዘብ አልነበረም፤ የተመራማሪ ሰዓት፣ የላብራቶሪ ሥራ፣ ናሙና፣ መረጃ ነው። የእናንተው አይኤችአይም 2.4 ቢሊዮን ነው፤ 1.2ቱ የሕዝብ ገንዘብ። ሕዝቡ ገንዘቡን ያወጣው ኩባንያዎቹም የድርሻቸውን ያወጣሉ ተብሎ ነው። ስለዚህ ያ 400 ሺህ እውነተኛ መሆን አለበት።

ሒሳብ ሹም፦ እህቴ፣ በፋርማሲ ዋጋ እንዳታባዢ! የሚቆጠረው ኩባንያው ያወጣው ወጪ ነው እንጂ የሚሸጥበት ዋጋ አይደለም። ለባለሙያው ታይምሺት (የሠራበትን ሰዓት መዝገብ) ጠይቂ።

ታዛቢ፦ ቆይ፣ ለምን አንቺ ትሞያለሽ? ወጪውን ማስታወቅ ያለበት ሰጪው ነው። ገምተሽ ከጻፍሽ ነገ ኦዲተር ሲመጣ የምትጠየቂው አንቺ ነሽ።

የላብ ልጅ፦ ገብቶኛል፣ ግን ሰዓቱ እየሄደ ነው!

ጎንደሬው፦ አይዞሽ፣ ቡናሽን አፍዪ፤ ሌሊቱ ረጅም ነው። ልገሳና መዋጮ ግን አይምታታብሽ። የመድኃኒት ኩባንያው ፋይዘር ለትራኮማ ዚትሮማክስ የተባለውን መድኃኒት በነፃ ይሰጣል፣ እኛም አማራ ክልል ስናድል ኖረናል። እሱ የሕክምና ልገሳ ነው። ያንቺ የምርምር ሥራ ወጪ ነው።

የሰነድ ጓደኛ፦ እኔም የምለው ታይምሺት ነው። የእያንዳንዱ ባለሙያ፣ በወር በወር።

ሒሳብ ሹም፦ ማቀዝቀዣው ግን የናንተ ሆነ ወይስ ውሰት ነው? ውሰት ከሆነ ሙሉ ዋጋው አይገባም። ለፕሮጀክቱ ያገለገለበት ጊዜ የእርጅና ቅናሽ (በዚያ ጊዜ ውስጥ ከዋጋው የቀነሰው) ብቻ ነው የሚያዘው።

የላብ ልጅ፦ አሁን ወርጄ አየሁት። በሩ ላይ "የኩባንያው ንብረት፤ ሥራው ሲያልቅ ይመለሳል" የሚል ቢጫ ወረቀት ተለጥፏል! ደብዳቤው ላይ ግን "ሰጥተናል" ነው የሚለው።

ሒሳብ ሹም፦ በይ የወረቀቱን ፎቶ አንሺና ላኪላቸው። መድኃኒቱን፣ ማቀዝቀዣውንና ባለሙያውን ለያይተው፣ የሒሳብ ኃላፊያቸው ፈርሞበት ይመልሱልሽ። ካልደረሰ ያለሽን ብቻ አስገቢና ቀሪው እንደሚከተል በግልጽ ጻፊ።

የላብ ልጅ፦ ልኬዋለሁ። እግዜር ይስጥልኝ።

ታዛቢ፦ እህ፣ 11 ሰዓት አልፏል። መለሱልሽ?

ጎንደሬው፦ የላብ ልጅ፣ አለሽ?