የእማዬ ሪሃብ (ማገገሚያ) «ሐሙስ ያበቃል» አሉን፤ ምን ይሻለናል?

ብርቄ (ጠያቂ)፦ ሰላም ለሁላችሁ። ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ ነው የምንኖረው። እማዬ 79 ዓመቷ ነው። የአሜሪካ ዜግነት አላት፣ ሜዲኬር (የአረጋውያን የመንግሥት ኢንሹራንስ) አላት፣ ሜዲኬይድ (ገቢና ንብረቱ አነስተኛ ለሆነ ሰው የሚሰጠው የመንግሥት ኢንሹራንስ) ግን የላትም። ወድቃ ዳሌዋ ተሰብሮ ኦፕራሲዮን ከተደረገች በኋላ ሪሃብ አስገቧት። አሁን «ለውጥ ስላላሳየች ኢንሹራንሱ የሚከፍለው እስከ ሐሙስ ነው» ብለው ወረቀት አስፈረሙኝ። ብቻዋን ከአልጋ አትነሳም። እኔና ባለቤቴ ሥራ ነው የምንውለው። ሜዲኬር ለነርሲንግ ሆም (አረጋውያን እየኖሩ ለሚረዱበት ተቋም) አይከፍልም እንዴ? ደግሞ አዲስ አበባ በስሟ ቤት አላት። ወንድሜ «ቶሎ በእኔ ስም ይዙርና ሜዲኬይድ አመልክቱ» እያለ ነው።

ነርሷ፦ አይዞሽ እህቴ። መፈረምሽ ወረቀቱ ደረሰኝ ማለት እንጂ ተስማማሁ ማለት አይደለም። የይግባኙ ስልክ እዚያው ላይ አለ። የመጨረሻው ቀን ሐሙስ ከሆነ እስከ ረቡዕ እኩለ ቀን ደውዪ። «ለውጥ የላትም» በሚለው አትደናገጪ። እ.ኤ.አ. በ2013 በሜዲኬር ጉዳይ የቀረበው ጂሞ የሚባለው ክስ በስምምነት ሲያልቅ፣ መሻሻል ብቻውን መለኪያ እንደማይሆን ግልጽ ሆኗል። ያሉበት ሁኔታ እንዳይብስ የነርስ ወይም የቴራፒስት ሙያ ካስፈለጋቸው ይበቃል። ይህንኑ ሐኪማቸው እንዲጽፍላችሁ ጠይቂ። ይግባኙ ውድቅ ከሆነ ግን ከሐሙስ በኋላ ያለው ሂሳብ እናንተ ላይ ሊመጣ ይችላል።

የባልቲሞሩ፦ ሜዲኬር ለማገገሚያ ነው፣ ያውም ቢበዛ 100 ቀን። የመጀመሪያው 20 ቀን ነጻ ነው። ከ21ኛው ጀምሮ ድርሻ ትከፍላላችሁ፤ በ2025 በቀን 209 ዶላር ከ50 ሳንቲም ነበር። ማጠብ፣ ማልበስና ማብላት ብቻ ከሆነ የሚፈለገው ሜዲኬር አይከፍልም። ለዚያ ሜዲኬይድ ነው።

ሶፊ፦ ቤቱን እንዳትነኩት! ለነርሲንግ ሆም ስታመለክቱ ሜዲኬይድ 5 ዓመት ወደ ኋላ ያያል። በነጻ ወይም በርካሽ የተላለፈ ንብረት ካገኘ ለተወሰነ ጊዜ አይከፍልም። «አዲስ አበባ ያለውን ማን ያውቃል» የሚሉ ሰዎች አይጠፉም። ማመልከቻው ላይ የሚፈርሙት ግን እነሱ አይደሉም። በአረጋውያን ጉዳይ የሚሠራ ጠበቃ ጋር ሄዳችሁ አማክሩ። አንድ ሰዓት ብትከፍሉት ይሻላል።

ብርቄ፦ እግዜር ይስጥልኝ። ለወንድሜ ይህንኑ አነብለታለሁ። ቤት ብናመጣትስ? ነርሲንግ ሆም ስላት ታለቅሳለች።

ሶፊ፦ ይቻላል። ሜዲኬይድ ቤት ድረስ ረዳት የሚልክበት ፕሮግራም አለው፤ አንዳንዱ ወረፋ አለው። የአረጋውያን የቀን መዋያም አለ፣ እናንተ ሥራ ስትውሉ ይረዳል። ሜሪላንድ አክሰስ ፖይንት (ስለ አረጋውያን አገልግሎት የሚያማክር ቢሮ ነው) ደውለሽ ጠይቂ፣ ምክሩ ነጻ ነው።

ነርሷ፦ ለሜዲኬይድ ምን ያህል እርዳታ እንደሚያስፈልጋቸው የምታየዋ ገምጋሚ ስትመጣ ግን ተጠንቀቂ። መታጠብ፣ መልበስ፣ መብላት፣ ሽንት ቤት መሄድ፣ ከአልጋ መነሳት እያለች በየተራ ትጠይቃለች። የኛ እናቶች እንግዳ ሲያዩ ነጠላቸውን አስተካክለው «ተመስገን፣ ሁሉን ራሴ እሠራለሁ» ይላሉ። በዚያች ቃል ስንት ሰው ተከልክሏል መሰለሽ። ቀድመሽ ንገሪያቸው። አንቺም አታስተርጉሚ፤ ልጅ ፊት ስለ ሽንት ማውራት ያፍራሉ። አስተርጓሚ በነጻ የማቅረብ ግዴታ አለባቸው፣ ቀጠሮ ሲያዝ አማርኛ በይ።

ብርቄ፦ እሺ፣ ነገ ጠዋት ሐኪሙን አገኘውና ወዲያው እደውላለሁ። በአካባቢያችን አማርኛ የሚናገር ሠራተኛ ያለው የቀን መዋያ የምታውቁ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ።