ሊንክ እንለዋወጥ የሚሉኝ በዝተዋል፤ ልቀበል ወይስ ይቅርብኝ?

ጀማሪው፦
ሰላም ለሁላችሁ። ለጀማሪዎች ፎቶ አነሳስ የሚያስተምር ሳይት አለኝ። ጽሑፎቼ መጥፎ አይመስሉኝም፣ ጎብኚ ግን የለም ማለት ይቻላል። ሰሞኑን ከሌሎች የሳይት ባለቤቶች ኢሜይል ይመጣልኛል፤ "የእኔን ሊንክ አስገባልኝ፣ እኔም ያንተን አስገባለሁ" ነው ነገሩ። አንዱ ስለ ካሜራ ጥገና የሚጽፍ ነው። ሌላው ጫማ ይሸጣል። ሦስተኛው "አጋሮቻችን" የሚል ገጽ አለው፣ ከፍቼ ሳየው ከቁማር እስከ ብድር የሌለበት ነገር የለም። ገሚሱ ሰው ጎግል ይቀጣሃል ይለኛል፣ ገሚሱ ደግሞ ያለ ሊንክ የትም አትደርስም ይለኛል፣ የቱን ልመን? "ሦስት ሆነን ዙሪያውን ብንጠቋቆም ጎግል አይነቃም" ያለኝም አለ። በናታችሁ የምታውቁ አስረዱኝ።

የማታ ኮደር፦
ወንድሜ፣ ሁለቱም እውነታቸውን ነው። ጎግል ከመጀመሪያው የቆመው በሊንክ ላይ ነው። መሥራቾቹ ላሪ ፔጅና ሰርጌ ብሪን ስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ሳሉ የሠሩትና በ1998 በጽሑፍ ያወጡት ፔጅራንክ፣ አንድ ገጽ ወደ ሌላው ሲጠቁም እንደ ድምፅ ይቆጥርለታል፤ ጠቋሚው ራሱ በብዙዎች የተጠቆመ ከሆነ ደግሞ ድምፁ ይከብዳል። ሰው ይህን ሲሰማ ድምፅ መግዛትና መለዋወጥ ያዘ፣ ጎግልም ማሳደድ ያዘ። በ2012 ፔንግዊን የሚሉትን ማሻሻያ ሲለቅ በእንዲህ ያለ ሊንክ የወጡ ሳይቶች ቁልቁል ወረዱ። ከ2016 ወዲህ ፔንግዊን የዋናው ስሌት አካል ነው፤ አሁን በአብዛኛው ሳይቱን ከማውረድ ይልቅ ሊንኩን እንዳልነበረ ያደርገዋል። ስለዚህ ከጫማ ሻጩ የምታገኘው ምናልባት ባዶ ነው።

የቁማሩን ገጽ ግን አትንካው። የጎግል ሠራተኛ አይቶ በእጁ የሚጥለው ቅጣትም አለ፣ መልእክቱ ሰርች ኮንሶል (ጎግል ለሳይት ባለቤቶች የሚሰጠው መሣሪያ) ላይ ይደርስሃል። ብዙ ሰው የማያውቀው፣ ይህ ቅጣት ወደ አንተ በሚመጣው ሊንክ ብቻ ሳይሆን ከአንተ በሚወጣውም ሊመጣ ይችላል። ሦስት ሆኖ መዞሩም ያው ነው፤ ደንቡ የሚከለክለው ደረጃ ለማሳሳት ተብሎ የተሠራን ሊንክ ነው፣ ቀጥ ብሎ ይሂድ ዞሮ ይምጣ አይልም።

ሁሉ በእጄ፦
ኧረ ልጁን አታስፈራሩት! እኔ ስለዋወጥ ከርሜያለሁ፣ አንድም ነገር አልሆንኩም። በአንድ ሙያ ያሉ ሰዎች ቢጠቋቆሙ ምን ነውር አለው?

የማታ ኮደር፦
ማን ነውር አለ? የጎግል ደንብ የሚለው "ከመጠን ያለፈ" መለዋወጥ ነው፣ እሱና ለመጠቋቆም ብቻ የሚከፈቱ የአጋር ገጾች። የካሜራ ጠጋኙና የፎቶ አስተማሪው ቢጠቋቆሙ ማንም አይናገራቸውም። ደግሞ "ምንም አልሆንኩም" ማለት ሊንኩ ጠቀመህ ማለት አይደለም፣ ጭራሽ ሳይቆጠርም ሊሆን ይችላል።

ሸረሪቷ፦
ስለ ጎግል በቃችሁ፣ እኔ ስለ ሰዎቹ ልናገር። በዚህ ልውውጥ የሚያናድደው ቅጣቱ ሳይሆን ተንኮሉ ነው። አንተ ዋናው ገጽህ ላይ ታስቀምጥለታለህ፣ እሱ ግን ከየትኛውም ሜኑ የማይደረስበት ገጽ ፈጥሮ እዚያ ይቀብርልሃል። ወይ ሊንኩ ኮድ ላይ ኖፎሎው (nofollow) የሚል ምልክት ይለጥፍበታል። ይህ ምልክት ከ2005 ጀምሮ ያለ ነው፤ "ይህን ሊንክ እንደ ድምፅ አትቁጠሩልኝ" ማለት ነው። በራሱ መጥፎ አይደለም፣ ለተከፈለበት ሊንክማ ግዴታ ነው፣ ለዚያ ከ2019 ወዲህ ስፖንሰርድ የሚል የራሱ ምልክትም መጥቷል። አንተ ጋ ንጹሕ ሊንክ አስገብቶ እሱ ጋ በስውር መለጠፉ ነው ክፋቱ።

ስለዚህ ከመስማማትህ በፊት ሊንክህ የሚገባበትን ገጽ አድራሻ ጠይቀው። አድራሻውን ጎግል ላይ ፈልገው፣ ገጹ ይወጣል? ካልወጣ ለምን እንደሆነ ይንገርህ። ከዚያ የገጹን ኮድ ብራውዘርህ ላይ ከፍተህ የሳይትህን ስም ፈልግና አጠገቡ የተጻፈውን አንብብ። ይህንን ከወራት በኋላም ድገመው፣ ሊንኩን ቀስ ብሎ የሚያነሳው ሰው ብዛቱ!

ካሜራ ጠጋኙን ግን እኔ ብሆን እቀበለው ነበር። ታች ጥግ ላይ አትወሽቀው፤ ስለ ሌንስ አጸዳድ የጻፍከው ካለ፣ አንባቢው "ከተሰበረስ?" የሚልበት ቦታ ላይ አስገባው፣ እሱም እንዲሁ ያድርግልህ። እንዲህ ያለ ሊንክ ሰው ይጫነዋል፣ ጎግል ቆጠረው አልቆጠረው ጎብኚ መጣልህ።

ጀማሪው፦
እግዜር ይስጥልኝ! የጫማውንና የቁማሩን ትቼዋለሁ፣ ለጠጋኙ አሁን እጽፍለታለሁ። አንድ ጥያቄ ብቻ፦ ሰርች ኮንሶል ውስጥ ሳይ የማላውቃቸው የማይረቡ ሳይቶች ወደ እኔ ጠቁመዋል። እኔ አልጠየቅኳቸውም። ልውረድ ነው?

የማታ ኮደር፦
ተዋቸው፣ እንደዚህ ያለው ሁሉም ሳይት ላይ አለ። ከ2012 ጀምሮ "እነዚህን ሊንኮች አትቁጠሩብኝ" ብለህ ዝርዝር የምትልክበት መሣሪያ አለ፣ ግን ጎግል ራሱ አብዛኛው ሳይት አያስፈልገውም ይላል። በእጅ የተጣለ ቅጣት ካልደረሰህ አትንካው፤ በስህተት ጥሩውን ሊንክ ዝርዝሩ ውስጥ ካስገባህ የምትጎዳው አንተው ነህ።

ሸረሪቷ፦
እኔም እስማማለሁ። ለጠጋኙ ስትጽፍ ደግሞ የትኛው ጽሑፉ ላይ የትኛው ያንተ ጽሑፍ እንደሚገባ ለይተህ ንገረው። "ሊንክ እንለዋወጥ" ብቻ ብለህ ከላክህለት ያንተንም እንደ ጫማ ሻጩ ኢሜይል ያጠፋዋል።