ለእህቴ የመጣላት የታይላንድ ሥራ እውነት ነው?

ጠያቂ፦ ጤና ይስጥልኝ። እህቴ ተመርቃ ቤት ከተቀመጠች ዓመት አለፋት። በቴሌግራም አንድ ሰው «ባንኮክ የኮምፒውተር ሥራ አለ» ብሎ ጻፈላት። ደመወዙ በወር 1,500 ዶላር ነው። ምግብ፣ ማደሪያ፣ ትኬት በእነሱ። እሷ ለ«ፕሮሰስ» 15,000 ብር በቴሌብር ትልካለች። ቃለ መጠይቁ በጽሑፍ ነበር፤ አሥር ደቂቃ አልፈጀም። እስከ ዓርብ ካልከፈለች ቦታው ለሌላ ይሰጣል ብለዋታል። እናታችን ዕቁቧን አውጥታ ብሩን አዘጋጅታለች። ምን ትላላችሁ?

የአዳማ ልጅ፦ ወንድሜ፣ በፍጹም እንዳትከፍሉ! የጎረቤታችን ልጅ የሄደው በዚሁ መንገድ ነው። ባንኮክ ኤርፖርት መኪና ተቀበለው። ሰባት ስምንት ሰዓት ነድተው ማይ ሶት የምትባል የድንበር ከተማ አደረሱት። ከዚያ ወንዝ አሻግረው ሚያንማር፣ ሚያዋዲ አስገቡት። ፓስፖርቱን ቀሙት። ሥራው ሰው በኢንተርኔት ማጭበርበር ነው፤ ኮታ ካልሞላ ዱላ አለ። የካቲት 2017 ዓ.ም. ከዚያ ወጥተው ወደ ታይላንድ ከተሻገሩት 260 ያህል ሰዎች ከግማሽ በላይ የእኛው ልጆች ነበሩ። ትኬት ቆረጡልን ብላችሁ አትመኑ። እዚያ ዕዳ ሆኖ ይቆጠርባታል።

ቅጥር ላይ የምትሠራ፦ ለዚህ ደመወዝ ፊቷን እንኳ ሳያይ የሚቀጥር የለም። ቪዛው ምን ዓይነት እንደሆነ ጠይቁ። «በቱሪስት ትግባ፣ እዚያ ይቀየራል» ካሉ በቃ፣ ተዉት። በሕጉ የውጭ አገር ሥራ ቪዛም ትኬትም የሚከፍለው አሠሪው ነው። ኤጀንሲ ነን ካሉ ፈቃዳቸውን ሥራና ክህሎት ሚኒስቴር ሄዳችሁ አጣሩ። በፎቶ የላኩትን ፈቃድ አትቀበሉ፤ ፎቶ ይቀነባበራል። ቴሌብር ላይ ቁጥሩን ስታስገቡ የሚመጣውንም ስም እዩ። የድርጅት ነው ወይስ የግለሰብ?

አንዲት እናት፦ ልጄ፣ እህትህን አትቆጣት። ከተቆጣሃት ደብቃ ትከፍላለች። አብረሃት ቁጭ ብለህ ጠይቃቸው። እዚያ አለ የሚሉት አበሻ ደውሎ «ደህና ነኝ፣ ነይ» ቢላት እንኳ አትመኑ። አጠገቡ ማን እንደቆመ አታውቁም።

ጠያቂ፦ እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ሁላችሁንም። ትናንት ማታ አብረን ጻፍንላቸው። የቪዛውን ዓይነት ስትጠይቅ «ሥራ ነው የምትፈልጊው ወይስ እኛን መመርመር?» አላት። ብዙም ሳይቆይ ቻቱን አጥፍቶ ብሎክ አደረጋት። ብሩ እናቴ ጋ አለ። እህቴ ግን ጠዋትም ስታለቅስ ነበር። የተማረችው አካውንቲንግ ነው። አዲስ አበባ ውስጥ ለጀማሪ የሚሆን ቦታ የምታውቁ ካላችሁ፣ እባካችሁ ጻፉልኝ።