ከጎንደር ወደ ማዳጋስካር፦ ሌሙር ለማየት ምን እናሟላ?

ጠያቂ (አዘዞ)፦ ሰላም ወገኖች። ከባለቤቴ ጋር ሌሙር የሚባለውን ዝንጀሮ መሰል እንስሳ ለማየት በአስጎብኚ ማዳጋስካር ልንሄድ አስበናል። መቼ ይሻላል? ምንስ እንያዝ?

መልስ 1፦ ከመስከረም እስከ ኅዳር ሂዱ። ከጥር እስከ መጋቢት አውሎ ነፋስ መንገድ ይቆርጣል፤ ጫካውም አልቅት ይበዛበታል። ለአጭር ጊዜ የአንዳሲቤ ፓርክ ይበቃል፤ ከዋና ከተማዋ ከአንታናናሪቮ በስተምሥራቅ 150 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ትልቁ ሌሙር ኢንድሪ በብዛት የሚጮኸው ጠዋት ስለሆነ ቢያንስ 2 ሌሊት እደሩ፤ አንዱ ጠዋት ቢዘንብ ሌላው ይተርፋችኋል። ፓርኩ ውስጥ በሌሊት መግባት ክልክል ነው። የሌሊቱ ጉብኝት በመንገዱ ዳርና በአጎራባች ደኖች ስለሚደረግ፣ ዋጋ ስትነጋገሩ ይካተት እንደሆነ ጠይቁ።

መልስ 2፦ የቢጫ ወባ ካርዱን አትርሱ! ከኢትዮጵያ ለሚገባ ሰው ይጠየቃል፤ ክትባቱ የሚቆጠረው ከተወሰደ 10 ቀን በኋላ ነው። ወባም አለ። ሐኪም ለወባ መከላከያ ዶክሲሳይክሊን የሚባለውን መድኃኒት ካዘዘላችሁ ከተመለሳችሁ በኋላም 4 ሳምንት ዋጡ፤ ተውሳኩ ጉበት ውስጥ ቆይቶ ወደ ደም ይወጣልና ቤት ሲገቡ ማቋረጥ አደገኛ ነው።

ጠያቂ፦ እግዜር ይስጥልኝ። እንደ ስሜን ተራሮች ፓርክ ስካውት (የታጠቀ ጠባቂ) ይያዛል?

መልስ 1፦ ስካውት አያስፈልግም፤ የፓርኩ አስጎብኚ ግን ግዴታ ነው። ኢንድሪ እንደ ጭላዳ ሜዳ ላይ ተቀምጦ አይጠብቅም፣ ዛፍ ጫፍ ነው የሚውለው፤ ባይኖኩላር ያዙ።