መዋጮ አልሞላ ያላት እህታችን ከቡናው ቀረች፤ ምን ይሻላል?

የሐይቋ፦
ሰላም እህቶቼ። የምጽፍላችሁ ከወሎ፣ ከሐይቅ ከተማ ነው። በሰፈራችን ቡና የምንጣጣ 23 ሴቶች ነን፣ እስላም ክርስቲያኑ ድብልቅ። ካቻምና ቡና ላይ አንዷ «ሰው ከማማት የወለደች ብንጠይቅ ምናለ» አለችና በዚያው ተጀመረ። በወር 50 ብር እናዋጣለን። አንዷ ስትወልድ ለ15 ቀን ሁለት ሁለት ሆነን በተራ እንገባለን፤ አንዷ ገንፎ ታገነፋለች፣ አንዷ ልብስ ታጥባለች፣ ልጆቹን ትምህርት ቤት ታደርሳለች። ለለቅሶ ቅሬ (እድር) አለን። አራስ ግን እናቷ ሩቅ ከሆነች ማን ነበራት?

አሁን የቸገረን ይሄ ነው። አንዲት ጉሊት ሽንኩርትና ቃሪያ የምትሸጥ ጓደኛችን ሦስት ወር አልከፈለችም። ክፉ የተናገራት የለም። ብቻ ገንዘብ ያዣችን ያልከፈለ ስም ስታነብ ድምጿ ጎላ ይላል (የሰርግ ጥሪ እንጂ የዕዳ አይመስልም)። ከዚያ ወዲህ ቡና ስንጠራት «ራሴን አሞኛል» ነው። የስድስት ወር እርጉዝ ናት። ለሦስት አራሶች ገንፎ ያገነፋችው እሷ ናት እኮ! ግማሹ ሴት «ያልከፈለች አይገባላትም» ይላል። ዝም ብለን ብንሄድላት ደግሞ ኩሩ ናት፣ በሩን የምትዘጋብን ይመስለኛል።

ከሆጤ፦
አብሽሪ እህቴ። መጀመሪያ ስም ማንበቡን ተዉት። እኛ ደሴ እያንዳንዷ የራሷ ደብተር አላት፣ የሌላዋን አታይም። ሳጥኑ ሦስት ቁልፍ አለው፣ ቁልፎቹ ሦስት ሴቶች ዘንድ ናቸው፣ ሦስቱም ካልመጡ አይከፈትም። ሐሜቱም በዚያው ቀረ። ብር ያጠራት ደግሞ አንድ ተራ ጨምራ ትገባለች፣ እንደከፈለች ይጻፍላታል። ያቺ ልጅ በዚህ ሂሳብ ዕዳ የለባትም፣ እንዲያውም ባለዕዳዎቹ እናንተ ሳትሆኑ አትቀሩም።

የኩታበር እናት፦
ልጄ፣ እኔ ደንብ ይፍረስ አልልም። ቅጣት የሌለው ቅሬ ሁለት ዓመት አይቆምም፣ አይቻለሁ። ግን ያልከፈለ ድሃ ሲሞት ሳይቀበር ያደረ በሰፈራችሁ ታውቂያለሽ? ለሞተ የሚራራ ደንብ ለምትወልድ እንዴት ይጨክናል። ደግሞ «ልንረዳሽ መጣን» ብላችሁ እንዳትሄዱ። ዱበርቲ፣ የሚመርቁ ትልልቅ ሴቶችን፣ ጥሩላት። ክርስቲያን ብትሆንም ወሎ ነው፣ ምርቃት ማን ይጠላል። ቡና ተፈልቶ፣ ሴቱ ተሰብስቦ ሲመረቅላት ስለ ብር የሚያነሳ አይኖርም።

የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ፦
እኔ ሌላ ነገር ልጠይቅ፤ የጤና መድን አላት? ወረዳችሁ ተሁለደሬ እኮ በ2003 መድኑ መጀመሪያ ከተሞከረባቸው 13 ወረዳዎች አንዷ ናት። መክፈል ለማይችል መንግሥት የሚከፍልበት አሠራር አለ፣ ቀበሌ ነው የሚመለምለው። መውለዱ ራሱ ጤና ጣቢያ በነፃ ነው። ልጁ ቢታመም ነው መድኑ የሚያስፈልጋት። በየጊዜው ክትትል መሄዷንም ጠይቋት፣ ጉሊት የሚውሉ ሴቶች ገበያው እንዳያልፋቸው ይቀራሉ።

የሐይቋ፦
እናመሰግናለን፣ እማማ በተለይ እጅዎን ያቆይልኝ። ትናንት ጉሊቷ ሄድኩ። ሽንኩርት ገዛሁና «ሰኞ አራስ ጋ ተራዬ ነው፣ ገንፎው አልሆን ብሎኛል፣ ነይ አሳዪኝ» አልኳት። «ያንቺ ገንፎ መቼ ሳይጓጉል ቀርቶ ያውቃል» ብላ ሳቀች። ከአራት ወር ወዲህ ስትስቅ ያየኋት ያኔ ነው። ዛሬ ቡና መጣች፣ በር ሥር ተቀመጠች። ገንዘብ ያዣችን ስም አላነበበችም፣ ፊቷ ግን ደስ አላለውም። «አይገባላትም» ካሉት ሁለት ሴቶችም እያጉረመረሙ ነው የሄዱ። የዱበርቲውን ነገር ለትልልቆቹ ነግሬያለሁ። ሐሙስ የመድኑን ለመጠየቅ ቀበሌ እወርዳለሁ።